11፡04 እና አንዲት የጥያቄ ምልክት

ደብተሮቹ የመጡልኝ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልለው ነው። አራት ናቸው። ሦስቱ ባለ ሃምሳ ቅጠል፣ አንዱ ወፍራም መዝገብ። ያመጡልኝ የአሰልጣኛችን ባለቤት ናቸው። በር ላይ ቆመው "በል እንግዲህ፣ የናንተው ጉድ ነው። እኔ አይጥ እንዳይበላው ስጠብቅ ኖሬያለሁ" አሉኝ። ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። ቅዳሜ ነበር፣ ገበያ አለባቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን የሩጫ ክለብ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እሱን ምክንያት አድርገን ትንሽ መጽሔት እናሳትም ተባለና ታሪኩን የመጻፉ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። አንደኛ፣ ብሎግ ስለምሞነጫጭር። ሁለተኛ፣ በልጅነቴ የክለቡ ሰዓት ያዥ ስለነበርኩ። ሮጦ አያውቅም እንዳትሉኝ ደግሞ፣ ሮጫለሁ። ሁለት ወር። ከዚያ አሰልጣኙ ለብቻዬ ጠርተው "አንተ ልጅ፣ ጽሕፈትህ ጥሩ ነው" አሉኝ። ገባኝ።

ሦስቱን ደብተሮች በሁለት ማታ ጨረስኳቸው። አራተኛው ላይ፣ "የካቲት 1993" የሚል ገጽ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። የገዛ ጽሕፈቴን አየሁት። ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ አራት ቁጥርን የተገለበጠ ወንበር አስመስዬ ነበር የምጽፈው። "11፡04" ይላል። ከጎኑ፣ በቀይ እርሳስ፣ የኔ ያልሆነ ነገር አለ። አንዲት የጥያቄ ምልክት።

ይህን ሁሉ ዓመት ማንም አላወቀብኝም ብዬ ነበር የኖርኩት።

ከነወለዱ

ክለብ ስላችሁ ትልቅ ነገር አታስቡ። ቢሮ የለው፣ ማኅተም የለው። ዕድር ነበር የሚመስለው። በወር ሃምሳ ሳንቲም እናዋጣለን። ያልከፈለ አይባረርም፤ ስሙ ግን ደብተሩ ላይ ይሰመርበታል። የተሰመረበት ልጅ አንድ ሳምንት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይሮጣል። አሰልጣኙ ወታደር ቤት ሮጠው የመጡ ሰው ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ እስኪሞቱ ድረስም ጋሼ እንዳሉ ኖሩ።

ልምምድ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ነው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁል። ትልልቆቹ አዘዞ ድረስ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ፣ እኛ ትንንሾቹ ግማሽ መንገድ ላይ እንዞራለን። በዚያ መንገድ የሮጠ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። መሄጃው ላይ ቁልቁለቱ ያበደረህን፣ መመለሻው ላይ ዳገቱ ከነወለዱ ይቀበልሃል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር ያልፋል፤ አየሩም ሳሳ ያለ ነው። እኛ ግን ያንን አናውቅም። ትንፋሽ ሲያጥረን በሶ ያልጠጣን ስለሆነ ይመስለን ነበር።

ሴቶቹ ልጆች ከቤት ሲወጡ ቀሚስ ከላይ፣ ቱታ ከሥር ነበሩ። ሜዳው ዳር አንድ ግራር አለ፤ ቀሚሶቹ እሱ ላይ ይሰቀላሉ። ከሩቅ ያየው ሰው ልብስ የታጠበ ይመስለዋል። ይህ የጋሼ ዘዴ ነው። ከእናቶች ጋር ከመጣላት ዛፍ መፈለግ ይሻላል ይሉ ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጠዋት መሮጥ ቀርቶ እግር ማፍታታት ብቻ ይሆናል፤ ባዶ ሆዱን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚውል ልጅ ዳገት አይገፋም። ከከተራ ጀምሮ ሦስት ቀን ደግሞ ማንም ፊሽካ አይሰማም። ግማሹ ልጅ የፋሲል መዋኛ ውስጥ ዘሎ ጉንፋን ይዞ ይመለሳል።

ጫማ ሦስት ጥንድ ነበረን፣ ሦስቱም 41 ቁጥር። ለውድድር ተራ የደረሰው ያደርገዋል፤ እግሩ ትንሽ የሆነ ጨርቅ ይጠቀጥቅበታል። የማሰሪያ ነገር ሲነሳ ጋሼ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ማለት ይወዱ ነበር። ተረቱ ለእኛ ምሳሌ አልነበረም። ቃል በቃል የጫማ ክር ነበር።

ደብተሩ ላይ የንብረት ገጽ አለ። "ፊሽካ 1። ገመድ 1። ኖራ ግማሽ ጆንያ። ጫማ 3።" ከመጋቢት 1993 ጀምሮ "ጫማ 2" ይላል። ትዝ ይለኛል፣ ያኔ አንድ ጥንድ ተሰረቀ ተብሎ ነበር። አንድ ልጅም ታምቶበታል። ይህችን እዚህ ላይ ያዙልኝ።

ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ

የዚያ ዓመት ታሪክ የሚጀምረው ጎንደር ውስጥ አይደለም፤ ሲድኒ ነው። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር የቀደመበት ቀን። 27፡18.20 ለ27፡18.29። ሃያ አምስት ዙር ሮጠው የተለያዩት በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ መካከል የነበረው ልዩነት ከዚህ ይሰፋል። ከዚያ ቀን በኋላ ሰፈራችን ውስጥ "መቶኛ" የሚል ቃል ያላወቀ ልጅ አልነበረም። ዳቦ ቤት ተሰልፈን ሳይቀር "በዘጠኝ መቶኛ ቀደምኩህ" እንባባል ነበር።

ከዚያ በፊት ክለባችን ሰዓት አልነበረውም። ቀድሞ የገባ ቀደመ፣ አለቀ። ከሲድኒ በኋላ ግን ሰዓት የሌለው ክለብ፣ ክለብ አልመስል አለን። ተዋጣና ከአዲስ አበባ ሁለት ስቶፕዎች መጣ። አንዱን ጋሼ ያዙ። አንዱ ለኔ።

በእጅ ሰዓት መያዝ ቀላል ይመስላል። አይደለም። በሕጉ ለአንድ ሯጭ ሦስት ሰዓት ያዦች ይቆማሉ። ሁለቱ ከተስማሙ የነሱ ይጸናል፤ ሦስቱም ከተለያዩ መካከለኛው ይወሰዳል። ሰዓቱ የሚነሳው ከሽጉጡ ጭስ ነው እንጂ ከድምፁ አይደለም፤ ድምፅ 100 ሜትር ለመድረስ የሰከንድ ሦስት ዐሥረኛ ያህል ይፈጅበታላ። ጋሼ ሽጉጥ ስላልነበራቸው ፊሽካ እየነፉ እጃቸውን ያወርዱ ነበር። "እጄን እዩ፣ ፊሽካዬን አትስሙ!" ይላሉ። የሰው ጣት ራሱ ዓይን ያየውን እስኪሰማ የሰከንድ ሁለት ዐሥረኛ ያህል ይዘገያል። ኃይሌንና ቴርጋትን በእጅ የሚለያቸው ሰው አልተፈጠረም ማለት ነው።

እኔ ግን ያኔ ይህ ሁሉ አይገባኝም። ሦስት ሰው የሚጠይቀውን ሥራ ብቻዬን ይዤ፣ ሰዓቱን በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ትምህርት ቤት ሳይቀር ይዤው እሄድ ነበር።

የሙሽራው መኪና

የካቲት ውስጥ ለዞን ውድድር ልጆች ይመረጡ ተባለ። በሴቶች 3000 ሜትር ሦስት ቦታ ነበረን። ሜዳችን ጠባብ ነው። ጋሼ በገመድ ለክተው 300 ሜትር አወጡለትና 3000 ሜትር ዐሥር ዙር ሆነ። ገመዱ ራሱ ስንት ሜትር እንደነበር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁሉም አንዴ መሮጥ ስለማይችሉ በሁለት ምድብ ተከፈሉ። የሁለቱ ምድብ አንደኞች ያልፋሉ። ሦስተኛዋ፣ ከሁለቱ ሁለተኞች ፈጣኗ ናት።

የአንደኞቹን ጋሼ ይይዛሉ። የሁለተኞቹን እኔ። ያች ሦስተኛ ቦታ በኔ አውራ ጣት ላይ ነበረች ብላችሁ አልተሳሳታችሁም።

የመጀመሪያው ምድብ ሁለተኛ 11፡02 ገባች። ንጹሕ ነው። አየኋት፣ ተጫንኩ፣ ጻፍኩ። አሁንም ቢሆን ለዚያ ቁጥር እምላለሁ።

ሁለተኛው ምድብ። ሁለተኛ ሆና የምትመጣው ልጅ ቀጭን፣ ጠይም፣ ስትሮጥ ክንዶቿን ደረቷ ላይ የምታጥፍ ናት። ስምንተኛው ዙር ላይ ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ ወጥታለች። ዘጠነኛው ላይ ሰዓቱን አየሁ፤ ከ11፡02 በታች የምትገባ መሰለኝ። ልቤ ይመታል። እኔ የምሮጥ ይመስል እግሬ ይንቀጠቀጣል። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ደረሰች።

ያኔ ክላክስ ሰማሁ።

የካቲት ነዋ፣ ጾም ሊገባ ነው፣ ከተማው ሁሉ ሰርግ ነው። ከሜዳው በላይ ባለው መንገድ መኪኖች ተከታትለው ይወርዳሉ። አበባ፣ ጭብጨባ፣ በመስኮት ወገቧ ድረስ ወጥታ የምትጨፍር ሴት። ዞርኩ። ስንት ሰከንድ ዞርኩ? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ እንደጠየቅኩት ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ሦስት ይሆናል። ስምንት ይሆናል። ስመለስ ልጅቷ መስመሩን አልፋ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ታች ታስላለች። ተጫንኩ። 11፡09።

ከዚያ የሆነው በጣም ፈጣን ነው። እውነቱን ብናገር ጋሼ ይቆጡኛል። ሰዓቱን ይነጥቁኛል። እሱ ነው የታየኝ እንጂ ልጅቷ አልታየችኝም። ስለዚህ ቀነስኩ። አምስት ሰከንድ። ለምን አምስት? እንጃ። አምስት ለሕሊና የሚመች ቁጥር ነው። ሦስት ያንሳል፣ ዐሥር ይበዛል። ስምንት ብዬ ቢሆን አልፋ ነበር።

"ስንት?" አሉ ጋሼ።

"11 ከ4።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አዎ ጋሼ።"

አዩኝ። ሰዓቱን አሳየኝ አላሉም። እኔም አስቀድሜ ዜሮ አድርጌው ነበር። ደብተሩን ሰጡኝ፤ በቢክ እስክሪብቶ፣ በዚያ በተገለበጠ ወንበር አራቴ፣ ጻፍኩት። ልጅቷ ቁጥሩን ሰምታ ምንም አላለችም። ግራሩ ጋ ሄዳ ቀሚሷን አወረደች።

የተጻፈ ይወረሳል

"በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይባላል። የተጻፈው ስህተት ሲሆንስ? እሱም ይወረሳል። እንዲያውም ከእውነቱ የበለጠ ይወረሳል። ስለዚያ ቀን የተጻፈው ያ ቁጥር ብቻ ነው። ሰርጉ አልተጻፈም። እኔ መዞሬ አልተጻፈም። 11፡04 የሚለው ግን እንደ ድንጋይ ቁጭ ብሏል። ደግሞ እኮ ሲያዩት ያምራል። ማን ነው ከአራት ሰከንድ ያለውን ሐሰት ነው ብሎ የሚጠረጥር? ውሸቴን 11፡00 አድርጌ ክብ ቁጥር ብሰጠው ኖሮ ጋሼ ወዲያው ይይዙኝ ነበር።

ስለ ትልልቆቹ የምናውቀውም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ምሩፅ ይፍጠር በ1964 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሦስተኛ ወጣ፤ የ5 ሺህ ሜትሩ ውድድር ግን በሰዓቱ ሳይደርስ አመለጠው። ለምን? አንዱ አንድ ይላል፣ ሌላው ሌላ ይላል። ውጤት ወረቀት ለምን የሚለውን አይጽፍም። ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ እስኪወስድ ስምንት ዓመት ፈጀበት።

ጋሼ ራሳቸው ለቁጥር የማይንበረከኩ ሰው ነበሩ። ሰዓቱ አልመጣልኝም ብሎ ያለቀሰ ልጅ ሲያዩ ማሞ ወልዴን ያነሱለታል። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ 2፡12፡11 ገባ። ማሞ ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ 2፡20፡26። ስምንት ደቂቃ ከአበበ ዘግይቶ፣ ያውም ወርቅ ወሰደ። ሜክሲኮ ሲቲ ከ2200 ሜትር በላይ ናት፤ ያ አየር ነው የያዘው። "ሰዓት አገር አለው ልጄ" ይሉ ነበር።

እና እንዲህ የሚሉ ሰው ለምን ያን ቁጥር ተቀበሉ? ምልክቷ የምትለው መጠርጠራቸውን ነው። ከጠረጠሩ ለምን እንደገና አላስሮጧትም? ምናልባት የመጀመሪያው ምድብ ልጅ ላይ መጨከን ሆኖባቸው። ምናልባት በልጆች ሁሉ ፊት እኔን ውሸታም ማለት ከብዷቸው። ወይም እሳቸውም ሰርጉን ሲያዩ ነበር። ይህን አልጠየቅኳቸውም። ምልክቷን ያየኋት እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው።

ረቂቁ ላይ ከነምልክቷ ተየብኳት። ኮሚቴው ውስጥ ያለ አንድ ወጣት "ይቺ የትየባ ስህተት ናት፣ ላጥፋት?" አለኝ። "ተዋት" አልኩት። "አንባቢ ግራ ይገባዋል" አለ። ግራ ይግባው አልኩ በልቤ። በሳምንቱ ግን እንቅልፍ ነሳችኝና ልጅቷን ፈልጌ አዘዞ ወረድኩ።

ባልትና ቤት

ልጅቷ እላለሁ እንጂ የሦስት ልጆች እናት ናት። ባልትና ቤት አላት። ገና ከበሩ ስገባ በርበሬው ጉሮሮዬን ያዘኝ።

"አንተ! ሰዓት ያዡ!" አለች። ስሜን የምታውቀው አይመስለኝም።

ወንበር አወጣችልኝ፣ ሻሂ አስመጣች። ስልኬን አውጥቼ የገጹን ፎቶ አሳየኋት። ዓይኗን አጥብባ አየችው።

"11 ከ4? እኔ ነኝ? ኧረ በእመቤቴ! ጥሩ ነው እኮ!"

እያሳልኩ ነገርኳት። ሁሉንም። መኪናውን፣ 11፡09ን፣ አምስቷን ሰከንድ። በርበሬው እንባ አምጥቶብኛል፤ ያለቀስኩ መስሏት ይሆናል። እሷ ሽሮ በላስቲክ መመዘኗን አላቋረጠችም።

"የሙሽራ መኪና ነው ያልከው?"

"አዎ።"

"ነጭ?"

"አላስታውስም።"

"ነጭ ናት። የአክስቴ ልጅ ናት የተዳረችው።" ሳቋን ያዘች። "እኔ እኮ ሚዜ ተብዬ ነበር። ሆዴን አሞኛል ብዬ ለእማዬ፣ ሾልኬ ነው ሜዳ የመጣሁ። ክላክሱን ስሰማ እኔም ዞርኩ። ያች መስኮት ላይ ስትጨፍር ያየሃት አክስቴ ናት። ያየችኝ መሰለኝ። ያን መታጠፊያ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ነው የጨረስኩት።"

ምን ልበል? "ስንት ሰከንድ ይሆናል?" አልኳት።

"እሱን አንተ ነሃ የምታውቀው።"

"የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ" የሚለው እኛ ጋ ተገልብጧል። አኩርፋ ነበር፣ ግን በኔ አይደለም። በጋሼ ነው። ሦስት ሳምንት ልምምድ ቀረች። "ከዚያ አንድ ማታ ቤት መጡ" አለች። "ከአባቴ ጋር ተቀምጠው ስለ ዝናብ ሲያወሩ አመሹ። ስለ ሩጫ አንድ ቃል አላነሱም። ሲወጡ በር ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጥለው ሄዱ። ጫማ ነው። ያ 41 ቁጥሩ።"

ጫማ 2። እኔ ስለዚያ ልጅ አሰብኩ፣ ስለታማው። እሱንም መፈለግ አለብኝ። አሁን የት እንዳለ የሚያውቅ ካለ ያገናኘኝ።

ሁለት ዓመት ሮጣበታለች። ጨርቅ እየጠቀጠቀች። ከዚያ እግሯ አደገ፣ ከዚያ ትምህርት ጠና፣ ከዚያ ሌላ ሌላ ነገር መጣ። ያወራችኝ እንዲሁ በአንድ ትንፋሽ ነው። ደንበኛ ገብቶ ስለነበር አላስቆምኳትም።

ስነሳ "ፎቶውን በቴሌግራም ላክልኝ፣ ለትልቋ ልጄ ላሳያት" አለች። ላክሁላት። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው። ስሟ እስኪታይ፣ ቁጥሩ እስኪታይ። ከዚያ ዳር ዳሩን ቆረጠችው። የጥያቄ ምልክቷ ከውጭ ቀረች። አይታት ይሁን ሳታያት አላወቅኩም። ምንም አላልኩም።

ሂሳብ እየተቀበለች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ትልቋ ልጇ መልሳለች። አንገቴን ሰገግ አድርጌ አነበብኩት።

"እማ ስንተኛ ወጣሽ?"

በርበሬ የነካ ጣቷን በሽርጧ ጠረገችና "ሁለተኛ" ብላ ጻፈችላት።